የናታን ግራ ጆሮ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኋትም። ለቄሱም አልነገርሁም። ጠጥቼ እንኳ አላመለጠኝም፤ በስካር ስንቱን ስለፈልፍ ይችን ብቻ ጥርሴን ነክሼ ያዝኋት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። ዛሬ የምናገረው ደግ ሰው ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ነገ ጧት በሰው ፊት ልናገረው ነው፤ እስከዚያ አፌ ይልመደው ብዬ ነው። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ለመጀመሪያው እንዲህ ይሻላል።

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ። የአምስት ዓመት ልጅ መታሁ። በጥፊ፣ በቀኝ እጄ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ። "ነካ አደረግሁት" አልልም፤ "ቀጣሁት" አልልም። መታሁት። ከጆሮው ደም ወጣ። ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፤ እሱን ስደርስበት እነግራችኋለሁ፣ አልሸሸውም።

ወርቁ እባላለሁ፣ የምኖረው እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ነው። ጎንደር ከቤተ እስራኤል ወገን ተወልጄ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኜ የመጣሁ ሰው ነኝ። ነገሩ የሆነው እኛ ወላጆች ራሳችን ባቆምነው ጋን ውስጥ ነው። ጋን እዚህ አገር መዋዕለ ሕፃናት ማለት ነው። ለምን አቆምነው? ልጆቻችንን እየወሰዱብን ነበራ! የሰፈራችን ልጅ አንደኛ ክፍል ሊገባ ሲሄድ ይፈትኑትና "ይኼ አይገባውም" ብለው ልዩ ትምህርት ወደሚሉት ክፍል ይወረውሩታል። ከዚያ ተመልሶ የወጣ አላየንም። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እቤቱ እንቆቅልሽ የሚፈታ ልጅ ነው። የሚጠይቁትን በሚጠይቁት መንገድ ማንም አላለማመደውም፣ ይኸው ነው።

ስለዚህ ዐሥራ ሦስት ቤተሰብ ተሰባሰብንና የሰፈሩን የቦምብ መጠለያ ለምነን አገኘን፤ ከምድር በታች ያለ፣ የብረት በር ያለው ክፍል ነው። ሻጋታውን ፋቅን፣ ቢጫ ቀለም ቀባን። ያፋ የምትባል የሰፈራችንን ልጅ፣ የተማረች፣ አስተማሪ አድርገን ቀጠርን። የቀረውን በተራ ሠራነው፤ እያንዳንዱ ወላጅ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጧት ከያፋ ጋር ይውላል። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባል የለ፣ ጠጠሮቹ እኛ ነበርን።

ደግሞም ይሠራ ነበር! ልጆቹ በጠርሙስ ክዳን መቁጠር ተማሩ። ባዶ ካርቶን ከየቤቱ ለቅመን ሱቅ ሠራንላቸው፤ ሲገዙና ሲሸጡ አማርኛውንም ዕብራይስጡንም ያቀላጥፉታል። ሽማግሌ እየመጣ ተረት ይነግራቸዋል፣ መጨረሻውን እነሱ ይቀጥሉታል። ፊደል ያልቆጠረች እናት ተረኛ በሆነችበት ጧት ከልጇ ጎን ቁጭ ብላ ስሟን መጻፍ ጀመረች። ማታ በየቤቱ "ዛሬ ምን ተማርህ?" ሳይሆን "ዛሬ ምን ጠየቅህ?" እንድንል ያፋ አዘዘችን፤ እሺ አልን።

ያጣላን ነገር ዓይን ነበር። እኛ ልጅ ስናሳድግ ታላቅ ሲናገረው መሬት መሬት እንዲያይ ነው፤ ዓይን ለዓይን የሚያይ ልጅ ባለጌ ነው። ፈታኞቹ ግን መሬት የሚያየውን ልጅ "አይገባውም" ብለው ይጽፉበታል። ያፋ "ዓይን አይተው እንዲጠይቁ እናስተምራቸው" ስትል ስብሰባው ተናወጠ። አንድ ሽማግሌ "ባለጌ ልታፈሩ ነው!" ብለው ጠረጴዛውን በዱላቸው ሲያጮሉት ይታየኛል። ማን ረታ? እኔ! የኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ አፈኛው ወርቁ! "በዚህ አገር ዓይን አይቶ ያልጠየቀ ይረገጣል" ብዬ አስጨበጨብሁ። "እዚህ ቤት ልጅ ላይ እጅ አይነሣም" የምትለዋን ደንብ በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ የለጠፍኋትም እኔ ነኝ። እኔን አባቴ በአለንጋ ነው ያሳደገኝ፤ ሰንበሩ ጀርባዬ ላይ ዛሬም አለ። እኔ እንዲህ አላደርግም ብዬ ምዬ ነበር። ምዬ ነበር፣ ትሰሙኛላችሁ?

ጧት ጧት ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ከባሕሩ ዳር ያመጣነው ትልቅ ዛጎል ነበረን። ዛጎሉ የደረሰው ልጅ መጀመሪያ ጆሮው ላይ አድርጎ ውስጡ የሚጮኸውን ይሰማል፤ ከዚያ ተረኛውን ወላጅ ዓይን ዓይኑን እያየ አንድ "ለምን" ይጠይቃል። ተረኛው መመለስ አለበት፤ ካላወቀው "አላውቅም" ማለት አለበት። የልጅ ጥያቄ ሳይመለስ አይታለፍም። ይህችም ደንብ ነበረች፣ ይህችንም ያስወሰንሁ እኔ ነኝ።

ከልጆቹ ሁሉ እሳቱ ናታን ነበር። እናቱ ጥሩነሽ ብቻዋን ታሳድገዋለች። እሷና እኔ ማሪና በሚሉት የጀልባ ወደብ፣ አንድ ካፌ ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር፤ እሷ ዕቃ ታጥባለች፣ እኔ ጠረጴዛ አነሣለሁ። ናታን አንዴ የሰማውን ተረት ቃል ሳይስት ይደግመዋል። ባሕሩ ለምን ጨው ሆነ? ጨረቃ ለምን ትከተለኛለች? ዓሣ ለምን አያስነጥሰውም? ያፋ "አንደኛ ክፍል የምትቀበለው አስተማሪ አበሳዋን ታያለች" እያለች ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን ጥሩነሽ የሚይዝላት ሰው አጥታ ልጁን ሥራ ይዛው መጣች። የወጥ ቤቱ በር ሥር የተገለበጠ ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። እኔ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ተሸክሜ ስመለስ ወለሉ አዳለጠኝ፤ ሁሉም እንክትክቱ ወጣ። የፈረቃው አለቃ፣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ጎረምሳ፣ ደንበኛ ሁሉ እያየ ሸሚዜን ጨምድዶ ያዘኝ። በጣቱ ግንባሬን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገኝ። "እጅህ ሽባ ነው? ከዛፍ ላይ ነው የወረድኸው?" አለኝ። ደረቴን ገፍቶ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ። እጄ ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንገቱን ልቀድለት እችል ነበር፤ ደሙ ሲንዠቀዠቅ በዓይኔ መጣ። ምን አደረግሁ? መሬት መሬት አየሁ። "ይቅርታ" አልሁት፣ ያንን ጎረምሳ! ስባሪውን ጨብጬ ጨብጬ መዳፌ ደማ። ቀና ስል ዓይኔ የናታን ዓይን ላይ አረፈ።

በማግሥቱ ጧት ተረኛው ወላጅ እኔ ነበርሁ። ምነው ሌላ ቀን በሆነ! ክቡ አብቅቶ ያፋ ልጆቹን እጅ ልታስታጥብ ይዛቸው ወጣች። ናታን ቀረ። ተራ ሳይደርሰው ቀርቶ ነበርና ዛጎሉን አንሥቶ፣ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ እኔው ራሴ እንዳስተማርሁት።

"ትናንት ያ ሰውዬ ሲጮህብህ ለምን መሬት መሬት አየህ? ፈርተኸው ነው?" አለኝ።

ክፋት አልነበረበትም። ማወቅ ፈልጎ ነው። "አዎ፣ ፈርቼው ነው" ማለት ነበረብኝ፤ ሦስት ቃል! እጄ ቀደመኝ። ጧ! ያ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ ተላግቶ ተመለሰብኝ። ልጁ ተሽከርክሮ የጠረጴዛው እግር ሥር ወደቀ፣ ዛጎሉ ተንከባለለ። አልበቃኝም። አልበቃኝም እላችኋለሁ! በክንዱ አንጠልጥዬ አነሣሁትና "ማነው የፈራ? ማነው የፈራ?" እያልሁ አርገፈገፍሁት። ያኔ ነው ከግራ ጆሮው ደም ሲወርድ ያየሁት፣ ቀጭን፣ እስከ አንገቱ ድረስ። አላለቀሰም። አፉን እንደ ከፈተ ትንፋሹ እምቢ አለው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ አባቶች። ጎረምሳውን ፈርቼ ሕፃን መታሁ። ወይ ጀግና! ወይ ወንድ!

ከዚያ አቅፌ አባበልሁት እንዳይመስላችሁ። ደሙን በሸሚዜ እጅጌ ጠረግሁት፣ አገጩን ያዝሁትና "ከወንበር ወደቅሁ በል። ከተናገርህ ያ ሰውዬ እናትህን ያባርራታል፣ የምትበሉት ታጣላችሁ" አልሁት። ያንን ሰውዬ በዓይኑ አይቶታል፤ አመነኝ። ዞር ስል የብረት በሩ ሥር ልጄ ሺራ ቆማለች፤ ለካ አንድ ጫማዋን ረስታ ተመልሳለች። ምን ያህል እንዳየች አልጠየቅኋትም። እስከ ዛሬም አልጠየቅኋትም። ያን ዕለት ማታ "ዛሬ ምን ጠየቅሽ?" ስላት መሬት መሬት እያየች "ምንም" አለችኝ።

ከወንበር ወደቀ ተባለ፣ ሁሉም አመነ። ሊቀ መንበሩ ነው የተናገረው፣ ማን ይጠረጥራል? ጥሩነሽማ "ደርሰህ ስላነሣኸው እግዚአብሔር ይስጥህ" አለችኝ። ሁለት ሳምንት አለፈና ተራዬ ደረሰ። ናታን ዛጎሉን ግራ ጆሮው ላይ አደረገው። ጠበቀ። ግንባሩን ቋጠረ። ከዚያ ወደ ቀኝ ጆሮው አዞረው። ምንም ሳይጠይቀኝ ለሚቀጥለው ልጅ አቀበለው። እዚያው ላይ ገባኝ። ከዐሥራ ሦስቱ ቤተሰብ መካከል ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ዝም አልሁ።

ልጁ እየከፋ ሄደ። በግራው ሲጠሩት አይዞርም። ተረቱን ግማሹን ሰምቶ ግማሹ ያመልጠዋል፤ ልጆቹ ሲስቁበት ይናከሳል። አንዱን ልጅ ክንዱን ነክሶ አለቅህም ብሎት ያፋ አፉን በግድ ፈልቅቃ አስለቀቀችው። ሌላ ቀን ወንበር አንሥቶ ወረወረ። የማንን እጅ ነው የሚኮርጀው? ያፋ በስብሰባ ላይ "ጆሮውን ብናስመረምረው" ስትል "ጉንፋን ነው፣ ተዪው፣ ልጅ አታስበርግጊ" ብዬ አፏን ያስያዝኋት እኔ ነኝ።

በጸደይ ጊዜ ልጁ ቫዓዳ ፊት ተጠራ። ቫዓዳ የሚሉት ልጁ የት እንደሚማር የሚወስን ሸንጎ ነው፤ ሃኪርያ በሚሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰፈር ካሉት ቢሮዎች ባንዱ ይቀመጣል። ጥሩነሽ ያላት ዕብራይስጥ ዕቃ የምታጥብበት ዕብራይስጥ ነው፤ ከዚያ አይዘልም። "አያ ወርቁ፣ አንተ አፍ ሁነኝ" አለችኝ። በአውቶቡስ አብረን ሄድን። የበዓል ልብሷን ለብሳለች። መንገዱን ሙሉ "ልጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይይብህ" እያለች ስትመርቀኝ ነበር፤ እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። መነጽር ያደረገችው ሴት ደግ ነበረች፣ ይህን አልክድም። ፋይሉን ገልጣ ከዓመት በፊት የተደረገ የጆሮ ምርመራ አገኘች፤ ደህና ነው ይላል። ቢሆንም ብዕሯን አነሣችና "እናትየው ልትነግረን የምትፈልገው ነገር ካለ እንስማ" አለች።

ጥሩነሽ ወደ እኔ ዞረች። ቃሏን ዛሬም እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ።

"በላቸው፣ አያ ወርቁ፦ ከክረምቱ ወዲህ በግራው ስጠራው አይሰማኝም። በቀኙ ሲሆን ባንዴ አቤት ይላል። ልጄ ደህና ነው፤ ጆሮውን ብቻ ይዩልኝ።"

ጆሮውን ካዩ ምቱን ያዩታል። ምቱን ካዩ ማን መታው ይላሉ። ይህን ሁሉ ለማሰብ ምን ያህል ፈጀብኝ? አንድ ትንፋሽ። ወደ ሴትየዋ ዞርሁና ጥርት ባለ ዕብራይስጥ "ስጠራው እሺ አይለኝም፣ አልታዘዝ ብሎኛል፣ ከአቅሜ በላይ ሆኗል ነው የምትለው" አልሁ።

ሴትየዋ ጻፈች። ጥሩነሽ ብዕሩ ሲሄድ አይታ ፊቷ በራ።

"ጻፉልኝ አይደል?" አለችኝ።

"ጻፉልሽ" አልኋት።

ሁለተኛው ይኸውላችሁ። ጥፊውን ንዴት ነው፣ ቅጽበት ነው፣ አባቴም እንዲህ ነበር ያሳደገኝ ልል እችል ይሆናል። ይህንንስ? ይህን የሠራሁት ወንበር ላይ ተደላድዬ፣ ድምፄን አሣምሬ ነው። በእጄ የጀመርሁትን በምላሴ ጨረስሁት። ከሁለቱ የቱ ነው ዱላ? እኔ ነኝ የማውቀው፤ ምላሴ ነው።

ከዐሥራ ሦስቱ ልጆች ዐሥራ ሁለቱ አንደኛ ክፍል ገቡ፣ ሺራም ገባች። ናታንን ግን በየጧቱ ሚኒባስ እየመጣ ወደ ልዩ ትምህርት ክፍል ይወስደው ጀመር። ያ መኪና ሰፈራችን እንዳይመጣ እኮ ነበር ጋኑን ያቆምነው! ወላጆች ተሰብስበን አዘንን። ሊቀ መንበሩ ተነሥቶ "አንዱን ልጃችንን ነጠቁን" ብሎ ንግግር አደረገ፤ ሴቶቹ አለቀሱ። ምን ዓይነት ሆድ ነው የሰጠኝ?

በየዓመቱ በማስተስረያው ጾም ዋዜማ ይቅር መባባል ልማዳችን ነው። በየዓመቱ ጥሩነሽ ደጅ ሄጄ "በማወቅም ባለማወቅም በድዬሽ እንደ ሆነ ይቅር በይኝ" እላታለሁ። "ይቅር ለእግዚአብሔር! አንተ ደግሞ ምን በደልኸኝ፣ አያ ወርቁ" ትለኛለች። ስድስት ዓመት፣ ስድስት ይቅርታ ሰረቅኋት። ምን እንደምትሰጠኝ ሳታውቅ ሰጠችኝ። አንድ ዓመት ከደጇ ስመለስ ወደ መጠለያው ወረድሁና ቀኝ እጄን የብረቱ በር መቃን ላይ አድርጌ በሩን በግራዬ ወረወርሁበት። ሁለት ጣቴ ተሰበረ፤ ዛሬም ተንጋደው ነው የሚታጠፉት። ለሰው "ሥራ ላይ ነው" አልሁ። ያንንም ዋሸሁ። ደግሞስ የእኔ ጣት መሰበር ለናታን ምኑ ነው?

ባለፈው ሳምንት ጥሩነሽ እያለቀሰች እየሣቀች ቤቴ ገባች፣ ናታን ከኋላዋ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል፤ ቁመቱ ትከሻዬ ደርሷል። አንዲት ነርስ ጠርጥራ ወደ ሐኪም ልካው ኖሯል፤ የግራ ጆሮው ታምቡር ድሮ ተቀድዶ ጠባሳ ይዟል ብሏታል።

"ከወንበር የወደቀ ዕለት ነው!" አለች። "እኔ ነግሬያቸው ነበር እኮ! ጆሮውን እዩልኝ ብያለሁ፣ አንተ ነህ የተረጎምህልኝ። ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑ። ልጄን ከነሕይወቱ ቀበሩት፣ አያ ወርቁ! አሁን ቫዓዳው እንደገና ሊያየው ነው። ምስክሬ አንተ ነህ። እንደ ሰው ልጅ ትምህርት ቤት እንዲያስገቡት አንተ ተናገርልኝ።" ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። አነሣኋት። "እሺ" አልኋት።

ሚስቴ እጇን ይዛ ፊቷን ልታስታጥባት ወደ ውስጥ አስገባቻት። እኔና ናታን ብቻችንን ቀረን። ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ፣ ሊሰማኝ። ዓይን ዓይኔን አየኝ።

"ያ ሰውዬ ድሮ ከካፌው ወጥቷል" አለኝ። "እኔ ለማንም አልተናገርሁም። ለምን ነበር የመታኸኝ?"

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? መሬት መሬት አየሁ። አፈር ልብላ፣ እንደገና! እናቱ ፊቷን እያበሰች ተመለሰች፣ ጥያቄው ሳይመለስ ታለፈ።

ዛሬ ሁለት ጊዜ ደጇ ደርሼ ተመለስሁ። ነገ በአራት ሰዓት ግን ሃኪርያ ነን፤ ከዚያ ጠረጴዛ መሸሻ የለም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እሷንም ይቅር በይኝ አልላትም፤ የእሷን ይቅርታ ስድስት ጊዜ አስቀድሜ በልቼዋለሁ። መጀመሪያ ያችን የእሷን ቃል በዕብራይስጥ እናገራለሁ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ቀጥዬ በምትኳ ያስገባሁትን ውሸት። ቀጥዬ የመታው ማን እንደ ሆነ። ጥሩነሽ ምንም ሳይገባት፣ እንደ ልማዷ ደስ ብሏት፣ ወደ እኔ ትዞርና "ምን አልሃቸው፣ አያ ወርቁ?" ትለኛለች።

ያኔ ለእሷ በአማርኛ እተረጉምላታለሁ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ። ከዚያ ወደ ናታን ቀኝ ጆሮ ዞሬ ስድስት ዓመት የዘገየውን መልስ እሰጠዋለሁ፦ አዎ፣ ፈርቼው ነው።